በግራ እጃቸው የሚባርኩት ጳጳስ

ውድ እህቴ፣

«አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት መስኮቱን የጠገኑትን ካቴድራል ሸራ ላይ አሳትሜ ፊታቸው ሰቀልኩላቸው፤ አላወቁትም። ‹ይሄ የኔ አይደለም፣ ሌላ ቦታ ነው› አሉኝ። አእምሯቸው እንደሄደ ከዚህ በላይ ማስረጃ ካስፈለገህ አንተም ሐኪም ይይህ።»

ይህን የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ፤ አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። በኔ ላይ የቀለድሽው ብቻ ወጥቶ፣ ቀሪው እንዳለ ለአረጋውያን መኖሪያው ባስገባሽው ማመልከቻ ሁለተኛ ገጽ ላይ ሰፍሯል። ከሥሩ የሁለታችን ፊርማ አለ። ማንም አላስገደደኝም። አንቺ ታለቅሺ ነበር፣ እኔ ቸኩዬ ነበር፣ ፈረምኩ።

እሑድ አንቺ ገበያ ወጥተሽ ሳለ ቤት መጣሁ። አባባ ወንበራቸውን አዙረው፣ ለሥዕሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ባዶውን ግድግዳ ያያሉ።

«አባባ፣ ምነው ጀርባዎን ሰጡት?» አልኳቸው።

«አላውቀውማ! የማላውቀው ሰው ደጅ ላይ ሳፈጥ ልዋል?»

«ካቴድራሉ እኮ ነው። እርስዎ የሠሩበት።»

«አንተም እንደ እህትህ ጀመርክ?» ብለው ተነሡና ጣታቸውን ሸራው ላይ አሳረፉ። «የደወሉ ግንብ ከበሩ በስተቀኝ ነው። መሰላል ተሸክሜ በየት በኩል እንደምታጠፍ ትከሻዬ ያውቀዋል። ይሄኛው በግራ ነው። እሺ፣ የኔን ተወው፣ አርጅቻለሁ። ጳጳሱን እያቸው። በግራ እጁ የሚባርክ ጳጳስ የት ታውቃለህ? አንተ እንኳ የተማርክ ነህ።»

ቀረብ ብዬ አየሁ። ደጃፉ ላይ የቆሙት ጳጳስ ሕዝቡን የሚባርኩት በግራ እጃቸው ነው። ከአጠገባቸው ድንጋይ የሚጠርበው ሰውዬም መዶሻውን የጨበጠው በግራው ነው። በሩን የሚጠብቀው ባለጎራዴም ጎራዴውን የመዘዘው በግራው ነው። ከጳጳስ እስከ ጠራቢ፣ ቀኝ እጁ የሚታዘዝለት አንድ ሰው የለም።

እኔ የሕንፃ ንድፍ መርማሪ ነኝ፤ በአንዲት ሳንቲ ሜትር ስሕተት የስንቱን መሐንዲስ ወረቀት ስመልስ የኖርኩ ሰው። ሦስት ወር ሙሉ እዚያ ሥዕል ሥር ተቀምጬ ሻይ ጠጥቻለሁ። አላየሁም። ያዩት፣ አእምሯቸው ሄዷል ብለን የፈረምንባቸው ሰው ናቸው።

ሰኞ ጠዋት ወዳሳተምሽበት ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ የትእዛዝ ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ። «ግራና ቀኙ ይገልበጥ» ይላል።

«እኔ እኮ ነግሬያቸው ነበር፣ ጋሼ» አለኝ። «ሰዎቹም አብረው ይገለበጣሉ አልኳቸው። ‹ግንቡ በቀኝ ከሆነ ቡፌው ይሸፍነዋል፤ ደግሞስ ማን ልብ ይለዋል?› ብለው ሳቁ።»

ቡፌ መግፋት ከብዶሽ ካቴድራል ገለበጥሽ። እሱስ ያስቃል። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፦ አባባ «ሌላ ቦታ ነው» ሲሉሽ፣ ያስገለበጥሽው ራስሽ ሆነሽ ትዝ አላለሽም። ወይም ትዝ ብሎሽ ዝም አልሽ። የመጀመሪያውን ማመን እፈልጋለሁ።

ያንን ግንብ በልጅነትሽ የወጣሽው በአባባ ትከሻ ላይ ሆነሽ ነው። እኔ ከኋላ ደረጃ እቆጥራለሁ። አንቺ የሰጡሽን ሰማያዊ የመስታወት ስባሪ ዓይንሽ ላይ ለጥፈሽ፣ «አባባ፣ ሰዉ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ!» እያልሽ ትጮኺያለሽ። «መስታወቱ ነው እንጂ ሰዉስ ደኅና ነው» አሉሽ። እኔ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አባባ ምንም አልሆኑም አልልም። ምድጃ ሳያጠፉ እንደሚወጡ አውቃለሁ፤ ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ በሟቹ አጎታችን ስም ጠርተውኛል። ልብሳቸውን የምታጥቢው፣ መድኃኒታቸውን ቆጥረሽ የምትሰጪው አንቺ ነሽ፤ እኔ የእሑድ እንግዳ ነኝ። ደክሞኛል ብትዪኝ ኖሮ እሰማሽ ነበር። አሁንም እሰማሻለሁ፤ ከሳምንቱ ሦስቱን ቀን እኔ ቤት ይሁኑ። ድካም ነውር አይደለም። ድካምሽን ግን የሳቸው እብደት አድርገሽ አትጻፊው።

ሥዕሉ እንደገና፣ በትክክለኛው ገጹ እየታተመ ነው። ቡፌውንም ገፍቼዋለሁ፤ ብቻዬን፣ በዚህ ወገቤ።

ፊርማዬን ያነሣሁበት ደብዳቤ ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል። የመኖሪያው ሐኪም አባባን የሚያዩዋቸው ዓርብ በሃያ ሁለት ነው። ስለዚህ እስከ ኀሙስ ሃያ አንድ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ፣ በገዛ እጅሽ የተጻፈ ሁለት ወረቀት እጠብቃለሁ። አንዱ ለሐኪሙ ነው፦ ሥዕሉን ያስገለበጥሽው አንቺ እንደሆንሽ የምትገልጪበትና ስለ ሥዕሉ የጻፍሽው ከማመልከቻው እንዲሰረዝ የምትጠይቂበት። ሌላው ለአባባ ነው፤ ያለ መነጽር እንዲያነቡት ፊደሉን አተልቀሽ፣ «አባባ፣ ልክ ነበሩ» ብቻ በዪ።

እንዳትደውዪልኝ። በስልክ ታለቅሻለሽ፣ እኔም እንደ ልማዴ እሸነፋለሁ። ኀሙስ፣ ስድስት ሰዓት። በጽሑፍ።

ወንድምሽ