ያልተላከው የጠፈር ማመልከቻህ

ታዴ የኔ ዓለም፣

ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ባለህበት ሰላም ሁን፤ እኛ ደህና ነን። ያው ሬክስዴል ሰፈር፣ ያው አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ነን፤ ሊፍቱም እንደምታውቀው ነው። ልጃችን ቤቲ በቁመት አልፋኛለች። በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ መመለሷን አልተወችም፤ ጃኬትህን ግን ክረምት ከበጋ ከላይዋ አታወርድም። ታክሲህን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ወርቁ ሸጡልን። መስተዋቱ ላይ ያንጠለጠልካትን የፕላስቲክ ሮኬት ግን አስቀረኋት። አሁን ወጥ ቤት መስኮቱ ላይ ናት፤ ማሞቂያው ሲነሳ ቀስ ብላ ትዞራለች።

ይህን የምጽፍልህ ግን የቤት ወሬ ለማውራት ብቻ አይደለም። የምናዘዝልህ ነገር አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁና ዛሬ ይውጣልኝ።

ያን ቀን መቼም አትረሳውም። ኤርፖርት ተራ ስትጠብቅ ራዲዮ ሰምተህ፣ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ ምንጣፉ ላይ ቆምክ። አንድ የቴሌቪዥን ኩባንያ ከኪሱ ከፍሎ ጋዜጠኛውን ሩሲያኖቹ ጠፈር ላይ ወዳቆሙት ጣቢያ ልኮታል አልክ። መንግሥት አልላከው፣ ወታደር አይደለ፣ እንደኛው ተራ ሰው ነው እያልክ ክፍሉን ዞርከው። ከዚያ ወዲያ ሰው አልሆንክልኝም። አገር ቤት የአውሮፕላን መካኒክ ነበርክ፤ ሩሲያ ድረስ ሄደህ ተምረህ፣ ቋንቋውንም ይዘህ መጥተሃል። እዚህ ወረቀትህን የሚያይልህ ሲጠፋ ታክሲ ያዝክ። አንድም ቀን አላማረርክም። አውሮፕላን በአናታችን ባለፈ ቁጥር ግን ጉርሻህን በእጅህ እንደያዝክ ሞተሩን ታዳምጥ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ምንጣፉ ላይ ስታርፍ በጀርባህ ትተኛለህ፣ ቤቲ ሆድህን ትንተራሳለች። እዚያ ላይና ታች የለም ትላታለህ። ሻይ ከብርጭቆው ወጥቶ እንደ ብይ ድቡልቡል ብሎ ይንሳፈፋል፣ በአፍህ ሄደህ ትቀበለዋለህ። ሰው ግድግዳ ላይ ታስሮ ይተኛል። ፀሐይ በቀን አሥራ ስድስት ጊዜ ትወጣለች። እኔ ደግሞ ከወጥ ቤት ሆኜ፣ ታዲያ ጾም በስንተኛዋ ፀሐይ ነው የሚፈታው ብዬ ላሾፍብህ ሞከርኩ። አንተ ግን የምር ያዝከው። እሑድ ቄሱን ጠየቅካቸው፤ እስኪ መጀመሪያ ሂድ ብለው ሳቁብህ። አብረሃቸው ሳቅህ፤ ያ ሳቅህ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ ያ ማመልከቻ መጣ። አንድ የግል ድርጅት ገንዘብ አሰባስቦ ተራ ሰው ወደዚያው ጣቢያ ሊልክ ነው፣ ሩሲያኛ የሚያውቅና መሣሪያ የሚገባው ይመረጣል ተባለ። ሦስት እሑድ ተቀምጠህ ሞላኸው። አንተ እኮ ማኅተም ያላረፈበት ቴምብር ካየህ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት አላቅቀህ ለእናትህ ደብዳቤ የምትለጥፍ ሰው ነህ፤ ለዚህ ግን ፖስታ ቤት ሄደህ አዲስ ገዛህ፣ ዳክዬ ያለበት። ፖስታውን ሳታሽገው ሰጠኸኝ። ሥራ ቦታ ፎቶ ኮፒ አስነሺና ዋናውን ላኪው፣ ኮፒው ለእኛ ይቅር አልከኝ።

አልጋ የማነጥፍበት ሆቴል ቢሮ ውስጥ ማሽኑ እስኪሞቅ አነበብኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ አደጋ ቢደርስ ለማን እንንገር የሚል መስመር ነበር። የኔን ስም ጽፈሃል። ከሥሩ ግን በዚያች በተጣመመች የእንግሊዝኛ ጽሕፈትህ ሌላ ጨምረሃል። እባካችሁ ለባለቤቴ በስልክ አትንገሯት። መጀመሪያ ለጋሽ ወርቁ ንገሩ፤ እሳቸው ሰው ይዘው በማለዳ ቤቷ ይሄዳሉ። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ብቻዋን እንዳትሰማ።

ሌላ ሴት ብትሆን ባሌ እንዴት አሰበልኝ ትል ይሆናል። እኔ መርዶዬን ቀድሜ ያነበብኩ መሰለኝ። ደግሞም ሳስበው፣ ሩሲያኛውም ሙያውም ያለው ከአንተ ወዲያ ማን አለ? ይወስዱብኛል አልኩ። ኮፒውንም አላስነሳሁ፣ ፖስታውንም አልላክሁ። ከአገር ይዘነው የመጣነው ሻንጣ የጎን ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ማታ ላክሽው ወይ ስትለኝ፣ አዎ አልኩህ። ምላሴ ቅንጣት አላደናቀፈኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትገባ ምድር ቤት የፖስታ ሳጥኑን ትከፍታለህ። በር ላይ ጫማህን እያወለቅህ፣ የለም፣ ገና ነው ትላለህ። በየቀኑ። እኔ ድስቴን አማስላለሁ። ስንት ጊዜ ልነግርህ አፌን ከፍቼ ጨው አነሰው ወይ ብዬ ዘጋሁት።

ሞት ግን ጠፈር ድረስ አላስኬደህም። ጠዋት ኤርፖርት ተራ ይዘህ፣ መሪውን እንደጨበጥክ ልብህ ቆመች። ከሆስፒታል ሥራ ቦታዬ ኮል አደረጉ። በአገሩ ደንብ ምንም አላጠፉም፣ የሴትየዋም ድምፅ ለስላሳ ነበር። ሰባተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ የትራስ ልብስ በእጄ እንዳለ፣ በስልክ፣ ብቻዬን ሰማሁ። በስልክ አትንገሯት ያልክባት ወረቀት እኔ የደበቅኋት ናት። ታዴ፣ ይህን ሳስብ ራሴን መጥላት ይዳዳኛል።

ከዚያ ወዲህ አንሶላ ሳራግፍ አየር ላይ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚወርደው። በዚያች ቅጽበት ከአንሶላው በላይ በግራጫ ካልሲህ ስትንሳፈፍ አይሃለሁ፤ እጅህን ወደ ሻይዋ ዘርግተህ። አልጠራህም። አንሶላው እስኪወርድ እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን አንድ አልጋ ለማንጠፍ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ አለቃዬ አይታ እንዳላየች ትሆናለች።

የሙት ዓመትህ ሲደርስ ፎቶህን ፍለጋ ሻንጣውን አወረድኩ። ፖስታው እዚያው ኪስ ውስጥ አለ። ሳወጣው ግን ዳክዬው የለም። ቴምብሩ ተነስቷል፤ ሳይቀደድ፣ ጠርዙ ሳይላጥ፣ ንጹሕ አራት ማዕዘን ቦታ ብቻ ቀርቷል። እዚህ ቤት ቴምብር በእንፋሎት የሚያነሳ ማን አለ?

ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። የዜግነት ወረቀት ስንሞላ የልደት ካርዶቻችንን ከዚያ ሻንጣ ያወጣኸው አንተ ነበርክ። ያኔ አገኘኸው ማለት ነው። ቴምብሩን ለእናትህ ደብዳቤ ወስደህ፣ ፖስታውን መልሰህ፣ ዚፑን ዘግተህ፣ አንዲት ቃል ሳትናገረኝ ወጣህ። ከዚያ በኋላ እኮ ሦስት ዓመት ኖረሃል። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ መልስ እንደማይመጣ እያወቅህ፣ በየማታው ሳጥኑን ከፍተህ፣ የለም፣ ገና ነው አልከኝ። እኔ እንዳላፍር። ሳቅሁም አለቀስኩም፤ ቤቲ ወጥታ ምን ሆንሽ አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ወረቀቱን አነበበችና ለአንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አባዬ በጣም ይወድሽ ነበር አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ላይብረሪ ሄዳ ጣቢያው በእኛ ሰማይ የሚያልፍበትን ሰዓት አገኘችልኝ። አመሻሽ ላይ ባልኮኒ ወጣን። አንዲት ብርሃን ከኤርፖርቱ በላይ ምንም ድምፅ ሳታሰማ፣ ሳትርገበገብ አለፈች። የሚደመጥ ሞተር ስለሌላት አባትሽን ቅር ይለው ነበር አልኳት። ጣቢያው አርጅቷል፣ አንድ ቀን ያወርዱታል ይላሉ። እስኪወርድ ድረስ ባለፈ ቁጥር ወጥተን እናያለን።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ እንዳዘዝከኝ አደረግሁ። ፎቶ ኮፒውን አስነሳሁ። በባዶዋ ቦታ ላይ አዲስ ቴምብር ለጠፍኩ፤ ዳክዬ አጥቼ ቅጠል ያለበት ነው። ፖስታውን አሽጌ አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ያለው ሳጥን ውስጥ ጨመርኩት። ድርጅቱ ይኑር ይዘጋ አላውቅም። ኮፒው እንዳልከው ለእኛ ቀርቷል፤ የመጨረሻውን ገጽ ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ።

እንግዲህ ቃሌ ይኸውልህ። ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ስገባ የፖስታ ሳጥኑን እኔ እከፍታለሁ። ከዚያ አሥራ አንደኛ ፎቅ ወጥቼ፣ በር ላይ ጫማዬን እያወለቅሁ፣ ለቤቲ እነግራታለሁ፦ የለም፣ ገና ነው።

ያንተው አልማዝ