«የለም» ላልኩት ዘር፣ ለዳይሬክተራችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የምርምር ማዕከላችን ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ዓመታዊ ሪፖርትዎ አንዳች ጉድለት የማይታይበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በማዕከሉ ቤተ ሙከራ የአኩሪ አተርን ዘረመል የምመረምር ሠራተኛዎ ነኝ። ባለቤቴም እዚሁ በማሳው በኩል ዘር ያዳቅላል። እሱ ተክሉን በዓይኑ፣ እኔ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን በማሽን እያየን በአንድ ጣሪያ ሥር እንኖራለን። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ለቢሮዎ ያስገባሁት ማመልከቻ በክብር ተቀምጦ ስለቀረ፣ ምስጋናንም በጓዳ መጨረስ ነውር ስለሆነ ነው።

አንደኛ፤ ጊዜያችንን ስለቆጠቡልን አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት የዘረመል ካርታ የምንፈልገው ባህርይ በተክሉ ውስጥ የት እንደተቀመጠ ይጠቁመናል፤ ምልክቱን ካገኘን ዋግ የሚቋቋመውን ተክል ገና በቡቃያው እንለያለን፤ በሽታው እስኪመጣ ዓመታት አንጠብቅም። መልካም ሥራ ነው፤ የምኖረውም በእሱ ነው። እርስዎ ግን ከዚህም አልፈው፣ ቦታው ለእንግዶች ማሳያ ስለተፈለገ፣ ምልክቱ ያልተገኘበት ዘር ሁሉ ከማሳው እንዲነቀል፣ በመጋዘን ያለውም ወደ መኖ ፋብሪካ እንዲላክ ወሰኑ።

ከሚነቀሉት መካከል ባለቤቴ «ግትሯ» የሚላት ነበረች። ጎረቤቶቿ በዋግ ቅጠላቸውን ሲያራግፉ እሷ ለምልማ ስለምትቆም ነው ስሙን ያወጣላት። በስብሰባው ላይ ምልክቱ እንዳልታየባት፣ ሆኖም ካርታው የሚያሳየው እስካሁን የታወቀውን ብቻ ስለሆነ ባላወቅነው ሌላ ዘረመል ትቋቋም ይሆናል ብዬ ማስረዳት ጀምሬ ነበር። እርስዎም ሰዓትዎን አይተው «በአጭሩ፣ አለ ወይስ የለም?» አሉኝ። ባለቤቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። «የለም» አልኩ።

ካርታው እንዲህ አላለም፤ እሱ ያለው «አላየሁም» ነው። «የለም» ያልኩት እኔ ነኝ። የደረጃ እድገት ወረቀቴ ያን ሰሞን ጠረጴዛዎ ላይ እንደነበረም አሳምሬ አውቅ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ደረጃ እድገቱ አመሰግናለሁ። አዲሱ ወንበር ይሽከረከራል።

ሦስተኛ፤ ምልክቱ ያለበትን ዘር ያለ በቂ የማሳ ሙከራ ለገበሬዎች ለማዳረስ ስላሳዩት ትጋት አመሰግናለሁ። ዘንድሮ የመጣው ዋግ ግን ካርታችንን አላነበበም መሰለኝ። ዘሩን በሰፊው የዘራች፣ አገሬው «ባለ ትራክተሯ» የሚላት ገበሬ ዝገት የመሰለ ነጥብ የወረሰውን ቅጠል በከረጢት ይዛ ቤተ ሙከራ ድረስ መጣች። ስትመረምሩት ደህና ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ቀጥላም አምና በባለቤቴ ማሳ ላይ ካየቻት ከዚያች አረንጓዴ ተክል ትንሽ ዘር እንድሰጣት ለመነችኝ። ተነቅላለች አልኳት። ማን ነቀላት ብትለኝ ከበላይ በመጣ ትእዛዝ ነው ብዬ ከእርስዎ ጀርባ ተሸሸግኩ፤ ጥላ ስለሆኑኝም አመሰግናለሁ። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ከረጢቱን ቋጠረችና «ታዲያ እናንተ እዚህ ምን ትሠሩ ነበር?» ብላ ወጣች።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። እሱ ያቺን ተክል በገዛ እጁ ነቅሎ በገመድ አስሮ የጫነ ሰው ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም እያለ ሲያጽናናኝ ቆይቷል። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ያን ዕለት ግን ተነሣና ከመውቂያው ጀርባ ወዳለው የውኃ መውረጃ ይዞኝ ሄደ። አምና ሲወቃ የፈሰሰው ዘር ማንም ሳይዘራው በቅሎ፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ በዋግ ሲጠወልግ ጥቂት ግትሮች አረንጓዴ ሆነው ቆመዋል። ለምን እስከዛሬ እንደደበቀኝ ጠየቅኩት።

«ትመረምሪያታለሽ ብዬ ፈራሁ» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ ማስጠንቀቂያ ደርሶኝ ያውቃል፤ እንደዚህች ቃል ግን ያመመኝ የለም። አሁን ተክሎቹን ነቅለን ወደ ቤታችን ባልዲና ድስት አዛውረናቸዋል። ዋግ ከሚያጠቃው ዘር ጋር አዳቅለን፣ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ እያየን፣ ባህርይው የት እንደተቀመጠ በካርታው ላይ እንፈልጋለን። ባለቤቴ ቅጠሉን ራሱ ቆርጦ ያመጣልኛል፤ ማሽኑ አጠገብ ግን ቆሞ ያየኛል። ሂድ አልለውም።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ያከፋፈልነው ዘር ይህን ዋግ እንደማይችል ከሚቀጥለው የዘር ወቅት በፊት ለገበሬዎቹ ቢነግሯቸው ያምርብዎታል። ለባለ ትራክተሯ ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ «የለም» ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ጨምሬ ነግሬያታለሁ። ለቀሩት መንገር ካልተመቸዎት ግን አይቸገሩ፤ ይህ ደብዳቤ ነግሯቸዋል።

ለረዥም ጥያቄ አጭር መልስ በመስጠት ያደገችው፣
ሁልጊዜም ታዛዥዎ፣
የቤተ ሙከራው ባለሙያ

ሳልረሳው፦ በመግቢያው አዳራሽ ስለተሰቀለው፣ አንድ የለመለመ አኩሪ አተር አቅፈው ፈገግ ስላሉበት ትልቅ ፎቶግራፍ እንኳን ደስ አለዎት። ፎቶ አንሺው የመጣው አምና ነው፤ ከማሳው ሁሉ የሚያምረውን ተክል ስጡኝ ብሎ ባለቤቴን ጠይቆት ነበር። ያቀፏት ግትሯን ነው። እንዲወርድ አልጠይቅም፤ እርስዎ ግን እንዲነቀል ያዝዙ እንደሆነ ብዬ ነው።