የቼዝ ቡና

ውድ አባባ፣

እንዴት ከረምክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ የኮምቦልቻን ሙቀት ታውቀዋለህ። ሰላምታዬን በዚሁ ልጨርሰው። ካስረዘምኩት ልቤ ይራራና የተነሣሁበትን ሳልናገር እቀራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደውለህ «ትምህርት ሲዘጋ ልጅሽን ፋሲካን ላኪልኝ፤ እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል» ስትለኝ «እሺ፣ እናያለን» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እናያለን ያልኩህ እምቢ ማለት ስላቃተኝ ነው። ድምፅህን ስሰማ አግብቼ ልጅ የወለድኩ ሴት መሆኔ ይጠፋኛል፤ ተመልሼ ያቺው የሐይቅ ከተማ ልጅ እሆናለሁ። ደብዳቤ ላይ ግን አታቋርጠኝም። እስከ መጨረሻው ታነባታለህ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ፋሲካ ለጥምቀት አንተ ዘንድ ሰንብታ የተመለሰች ሰሞን ነው። የቤት ሥራዋን ልትሠራ ደብተሯን ዘረጋችና «እማዬ፣ ቡናዬስ?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

«የምን ቡና?»

«የቼዝ ቡና ነዋ! አያቴ የሚሰጠኝ። ጭንቅላት ይከፍታል። ለእናትሽ ግን አትንገሪ...» ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

የስምንት ዓመት ልጅ ናት አባባ። ወጥ ቤት ገብቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ከቡናው ይልቅ ያስደነገጠኝ «ለእናትሽ አትንገሪ» ማለትህ ነው። ያን ቃል ከነድምፁ አውቀዋለሁ።

ለሐይቅ ልጆች ቼዝን ያስተማርክ አንተ ነህ፤ ይህን አልክድህም። ከአምባሰል ወርደህ የሒሳብ መምህር ስትሆን ከልብስህ ጋር የያዝከው ያን የቼዝ ሰሌዳ ነበር አሉ። እኔም መጀመሪያ ጨዋታው ጣፍጦኝ ነበር። የፈረሱ አዘላለል ያስቀኝ ነበር፤ አንተም አብረኸኝ ትስቅ ነበር። ከዚያ የትምህርት ቤቱን ወንዶች አንድ በአንድ ማሸነፍ ስጀምር ሳቅህ ጠፋ። እኩዮቼ ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርዱ፣ «ቁጭ በይ» እያልከኝ እኔ ከሰሌዳው ፊት እቀመጥ ጀመር።

ኋላም ከየት እንዳመጣኸው እንጃ፣ አንድ የተቀዳደደ መጽሔት ላይ ቡና አእምሮን ያነቃል፣ ስመ ጥር የቼዝ ተጫዋቾችም ይጠጡታል የሚል ነገር አነበብክ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ። እማማ «ኧረ ምን ሁነህ ነው አንተ ሰውዬ? ልጅ ቡና ከጠጣ ይጠቁራል!» ብላ ተቆጣች።

«አንች ደግሞ! መጥቆርና ማወቅ ምን አገናኛቸው?» አልካት። ከዚያ ወዲያ ከእሷ ተደብቀህ በፔርሙዝ ትይዝልኝ ጀመር።

እውነቱን ልንገርህ፣ ይሠራ ነበር። ዓይኔ ይገለጣል፤ ሌላው ልጅ ሲያዛጋ እኔ ገና ንቁ ነኝ። «አየሽ? አየሽ?» ትለኝ ነበር። ያላየኸው ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወስድ እያለኝ ስገላበጥ ማደሬን፣ ክፍል ውስጥም በትንሽ በትልቁ ማልቀሴን ነው። እሱ ሰሌዳው ላይ ስለማይታይ ጉዳይህ አልነበረም።

ደሴ የሄድንበትን ውድድር እንዳልረሳኸው አውቃለሁ። ያሸነፈች ባሕር ዳር ትሄዳለች ተብሎ ስንት ወር ስታወራው ነበር። ወቅቱ ፍልሰታ ነበር። እኔም እንደ ሰፈሬ ልጆች ቅዳሴ እስኪወጣ እጾም ነበር። ፍቺው ዕለት ልቆርብ ከእማማ ጋር ተነጋግረን፣ እሷም ነጠላዬን አጥባ፣ አጣጥፋ አስቀምጣልኝ ነበር። አንተ ይህን ሁሉ ታውቃለህ። እያወቅክ ከአዳራሹ ጀርባ ወስደህ ፔርሙዙን ከፈትክ።

«አባባ፣ ጾም ነኝ እኮ። ሰዓቱ አልደረሰም።»

«ቡና ምግብ ነው እንዴ? ይልቅ ጠጭ። ለእናትሽ ግን አትንገሪ።»

ሆዴ ባዶ ነበር። ጠጣሁ። ደግመህ ቀዳህልኝ፤ እሱንም ጠጣሁ። ሁልጊዜ ስኳር የምታበዛልኝ ሰውዬ ያን ቀን ስኳሩን «ለጾሙ» ብለህ ትተኸዋል። እስከ ዛሬ ሳስበው ሳቅም ለቅሶም ይቀድመኛል። ጾሜን የሚያስገድፈኝ ስኳሩ መስሎህ!

የመጨረሻውን ጨዋታ የገጠምኩት ራዚያ ከምትባል የደሴ ልጅ ጋር ነበር። ለየራሳችን የተቆጠረ ጊዜ አለን፤ ጊዜው ያለቀባት ትሸነፋለች። በለጥኳት። አንድ ግንብ አተረፍኩ፤ ወታደሬም ንግሥት ለመሆን ደጃፉ ላይ ደርሷል። እሱን መግፋት ብቻ ነበር የቀረኝ። አላየችውም ብለህ ይሆናል፤ አይቼዋለሁ። ችግሩ ሌላ ብዙ መንገድም ማየቴ ነው። አንዱን ሳሰላ ሌላው ይመጣብኛል። ይኸኛው ያምራል፣ ያኛው ያጥራል እያልኩ እመላለሳለሁ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ሽንቴ ወጥሮኛል፤ አንተ መስኮቱ ጋ ቆመህ ዓይንህን ተክለህብኛልና መነሣት ፈራሁ። እጄን ወደ ወታደሩ እሰድና እመልሳለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ደረሰብኝ። ዳኛው ጎንበስ ብሎ «ልጄ፣ ጊዜሽ አልቋል» አለኝ።

ራዚያ ራሷ ደነገጠች። «ወላሂ አንች ነበርሽ ያሸነፍሽ! ምነው ፈዘሽ ቀረሽ?» አለችኝ። ሳለቅስ ስታየኝ ከቦርሳዋ ብስኩት አውጥታ ዘረጋችልኝ። «ጾም ነኝ» አልኳት። በምን አፌ እንዳልኩት እንጃ፤ ቡናው ገና ከንፈሬ ላይ ነበር።

ከደሴ እስከ ሐይቅ ሾፌሩ የአምባሰል ዘፈን ከፍቶ ተሳፋሪው አብሮ ሲያንጎራጉር አንተ ፊትህን ወደ መስኮቱ አዙረህ ተቀምጠሃል። ቤት ስንገባ እማማ «እንዴት ሆነላችሁ?» አለች። «ልጅሽ ፈዛዛ ናት» ብለህ ወደ ጓዳ አለፍክ። ሳሸንፍ ልጅህ ነበርኩ፤ ስሸነፍ የእሷ ሆንኩ።

ፍልሰታ ሲፈታ አልቆረብኩም። ጾሜን እንደገደፍኩ እያወቅኩ እንዴት ብዬ ልቅረብ? ምክንያቱን ለእማማ እንዳልነግራት አንተ አስረህኛል። ራሴን አሞኛል ብዬ ተሸፋፍኜ ተኛሁ። እሷ ነጠላውን መልሳ ሳጥን ውስጥ አስገባችው። ከዚያም በኋላ ነግሬያት አላውቅም። ምን ጊዜም ልነግራት እያሰብኩ ቀበርናት።

ሰሌዳውን ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም። አንተም ሰነፈች ብለህ ተውከኝ፤ እፎይ አልኩ። ፋሲካ ከእናንተ ቤት የቼዝ ፍቅር ይዛ ስትመጣ ግን፣ አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ካረጀ በኋላ ለዘበ፣ ልጄን እንደ አያት ያጫውታታል ብዬ። እሷ ቡናዋን እስክትጠይቀኝ ድረስ።

በምሠራበት ፋርማሲ ሥራ ሲላላ ስልኬን ከፍቼ ስለዚህ ነገር ማንበብ ጀመርኩ። ሰዎች አጥንተውታል አባባ። ቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን የወሰዱ የቼዝ ተጫዋቾች ለእያንዳንዱ እርምጃ ካልወሰዱት ይልቅ ረዘም አድርገው ያስባሉ። ጊዜ ባጠረበት ጨዋታ ላይ ደግሞ ሰዓት ይቀድማቸዋል። በሰዓት የተሸነፉት ጨዋታ ሳይቆጠር ሲቀር ነው ብልጫቸው ብቅ የሚለው። የተጠኑትም አዋቂዎች ናቸው፤ በባዶ ሆዳቸው ከአዳራሽ ጀርባ የተጋቱ ልጆች አይደሉም። ያ መጽሔት ግማሹን ነግሮህ ነበር። የቀረውን ግማሽ እዚያ መስኮት ጋ ቆመህ በዓይንህ አየኸው፤ አይተህም ፈዛዛ የሚል ስም አወጣህለት።

ዛሬ እኔም የቡና ሱሰኛ ነኝ። ጠዋት ሳልጠጣ ከወጣሁ ራሴን ይፈልጠኛል፤ መድኃኒት ፈልጎ የመጣውን ሰው ሁሉ እቆጣለሁ። ለዚህ አልወቅስህም፤ ወሎ ተወልዶ ከቡና የሚያመልጥ የለም። እኔ የምወቅስህ ለሌላ ነው። ሽማግሌ ነህ፣ ብቻህን ነህ፣ ያለችህ አንዲት የልጅ ልጅ ናት፤ የእሷንም ጭንቅላት ካልከፈትኩ ብለህ አላስችል አለህ። ዝም ብላ አጠገብህ ብትቀመጥ ምን ያንስሃል? እኔስ ብቀመጥ ምን አንሶህ ነበር?

ስለዚህ ፋሲካ ለክረምት አትመጣም። ይህን ስጽፍ ምሳህን ብቻህን እንደምትበላ፣ የበሩን ድምፅ በሰማህ ቁጥር ቀና እንደምትል አውቃለሁ። አንጀቴ ድንጋይ አይደለም። ግን አልልክም። ቡናውን ተውኩት ብለህ ብትምልልኝም አልልክም፤ ለእናትሽ አትንገሪ ያላትን ሰው መሐላ እንዴት ብዬ ልመን?

ልጅቷን ማየት ከፈለግክ አንተ ና። መኝታህን አነጥፋለሁ፤ የምትወደውን ሽሮ እሠራለሁ። ሰሌዳህንም ይዘህ ልትመጣ ትችላለህ፤ ጨዋታውን ትወደዋለችና አልከለክላትም። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እወቅ። ይህች ልጅ እያሸነፈች ሳለ እንኳ ጓደኞቿ ከውጭ ከጠሯት ንግሥቷን መሬት ላይ ጥላ ትሮጣለች። ያን ጊዜ ዝም ብለህ ትሂድ። ልትመለስ ትችላለች፣ ላትመለስም ትችላለች። አንዲት ጊዜ «ቁጭ በይ» ስትላት ከሰማሁ ግን፣ ሻንጣህን ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ የምሸኝህ እኔው ራሴ ነኝ።

ልጅህ፣
እድላዊት አስረስ
ኮምቦልቻ