ጠባሳህ የሌለበት ፎቶ

ይድረስ ለወንድሜ ለለታ፤

እንደምን ከረምክልኝ የእናቴ ልጅ? ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍህስ፣ የሆቴሉ ኩሽናስ፣ የሻርጃ ሙቀትስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም። በስልክ ነገር ባነሳሁብህ ቁጥር ኔትወርኩ ስለሚቋረጥ (መቼም ኔትወርክ እንዳንተ የሚታዘዝለት ሰው አላየሁም) ይህችን ጽፌ ወደዚያ ለሥራ በሚሄደው በጎረቤታችን ልጅ በኪዱ እጅ ልኬልሃለሁ።

የላክኸው ፎቶ ደርሶናል። ሱፍ ለብሰህ፣ መኪና ተደግፈህ ስትስቅ ያየች እማዬ በእልልታ የቂርቆስን ሰፈር አናወጠችው። «አሳድገሽ አትሚልኝ» ስላለችኝ ካዛንቺስ የምሠራበት ማተሚያ ቤት ወሰድኩት። በትልቁ ስክሪን ስከፍተው ግን አገጭህ ላይ ያለው ጠባሳ የለም። ከአጥር ወድቀህ ሲሰፉህ እጅህን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ። አንተ ዝም ስትል ያለቀስኩትም እኔው ነኝ።

ለታዬ፣ እንጀራዬ እኮ ፎቶ ነው፤ ኤአይ የሠራው አይጠፋኝም። እኛም ለማስታወቂያ እንጠቀምበታለን። ሲያስተምሩት በደህና ፎቶ ላይ ጥቂት በጥቂት አቧራ የሚመስል ነጠብጣብ ይነሰንሱበታል፣ ምንም እስከማይታይ ድረስ። እሱ ያንን አቧራ መልሶ መጥረግ ይለማመዳል። ከለመደ በኋላ ባዶ አቧራ ሰጥተህ «ሱፍ የለበሰ ሰው» ብትለው፣ እየጠረገ እየጠረገ የሌለ ሰው ያወጣልሃል። ያንተን ፎቶ ስትሰጠውም መጀመሪያ አቧራ አልብሶ ነው እንደ አዲስ የሚጠርገው። ጠባሳህን ከአቧራው ቆጥሮት አብሮ ጠርጎታል።

አንተ ግን ምኑን ልትሸፍን ነው? ከፋሲካ ወዲህ «ካሜራዬ ተበላሸ» እያልክ ፊትህን አላሳየኸንም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ። አብሮህ የሚሠራውን ተካን ብጠይቀው «እሱን ራሱን ጠይቂው» ብሎ ዘጋብኝ። ፈርቻለሁ ለታ። የኩሽናው ዘይት ነው? እሳት ነው? ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም። ግድግዳው ላይ ምስማር አስመትታ በየቀኑ ስትጠይቀኝ «ቀለም አልቋል» እያልኩ እሸነግላታለሁ። ያንን ሰውዬ ግን አትሜ አልሰቅልላትም።

ባለቤቴ ደቻሳ «አይዞህ በለው» ብሏል። ልጃችን ሲፋን ጥርሷን ነቅላ ላሳየው እያለች ነው። የሰፈራችን እትዬ ኩልሱም በዱዓዋ አልረሳችህም። እማዬ ዓይንህን፣ ግንባርህን፣ ጉንጭህን ትስማለች።

ዛሬውኑ፣ እንዳለህ ሆነህ፣ አንድ ፎቶ ተነስተህ ላክልኝ። ፊትህ የፈለገውን ይምሰል። እማዬ የወለደችው እሱን ነው።

እህትህ አርያም
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.