ከአለቱ የወጣ ጥርስ

ለታላቅ ወንድሜ ለታሂር፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? የኩዌት ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ቶይባስ ደህና ናት? ትንሹ ዒምራንስ ዳዴ አለ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ በጤና አለን። ጤናህን የጠየቅሁት ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን ግን ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። በስልክ ብነግርህ ትስቅብኛለህ፤ ደብዳቤን ስቀው አያቋርጡትም።

ጉድጓዱ ተበላሽቷል። ከጎብዬ ከተማ በታች ለሰፈራችን የምቆፍረው የውኃ ጉድጓድ ማለቴ ነው።

አባቶች ለጉድጓዱ ዱዓ ሊያደርጉ ግራሩ ሥር ተቀምጠው ሳለ ደወልክ። ሼህ ሙሀመድሰይድ የስልኬን ድምፅ አስጨምረው ለሁሉም አሰሙህ። ጥቁሩ አለት ጠንክሮብኝ በቀን ሦስት ሜትር ብቻ እንደምወርድ ስነግርህ ሳቅክ። እኛ ነዳጅ ስንቆፍር ይህን በሰዓት እንጨርሰዋለን፣ ፈሪድ ፈርቶ ነው፣ መሰርሰሪያውን ያፍጥነው አልክ። አባቶችም ታላቅህ ከተናገረ ምን ትጠብቃለህ አሉኝ። ዱዓ ላይ የታላቅን ቃል ማን ይመልሳል? አሚን ተባለ፤ እኔም አሚን አልኩ።

ያንተ መሰርሰሪያ የአልማዝ ጥርስ አለው፤ ሲደነዝዝ ሌላ ይመጣልሃል። የእኔ አንድ ብቻ ነው። ጠንካራ አለት ላይ ቀስ ብሎ እየዞረ ካልመታ ጥርሱ ግሎ ይረግፋል። ይህን አውቅ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ማሽኑን ያፈጠነው የእኔ እጅ ነው። የመጀመሪያዋን ሰዓት ሲፈጥን ሴቶቹ እልል አሉ። ከቀትር በኋላ ድምፁ ተለወጠ። ስልሳ ሜትር ላይ ጥርሱ ረገፈ፣ ዘንጉም ተቆርጦ ከነመሰርሰሪያው እዚያው ቀረ። አሥር ቀን ሙሉ በመንጠቆ ልናወጣው ሞከርን፤ ወይ ፍንክች!

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ያንተ ምክር ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ የፈሪድ ጉድጓድ ይለዋል፤ አንተ ግን አሁንም አዋቂው ልጅ ነህ። መሰርሰሪያ ተውሼ ከጎኑ ሌላ ልጀምር ብል አባቶች እምቢ አሉኝ። የታሂር ምክር ልክ ነበር፣ ያበላሸው የፈሪድ እጅ ነው ብለው ደምድመዋል። ስለዚህ ለሼህ ሙሀመድሰይድ ደውል። ያኔ እንዳደረግከው፣ ግራሩ ሥር ሁሉም እየሰማ፣ ተሳስቻለሁ በል። ካላልክ ወንድም አለኝ አልልም።

ከጉድጓዱ ከአቧራው ጋር ተፈናጥሮ የወጣ አንድ ጥርስ በዚህ ወረቀት ጠቅልዬልሃለሁ። ኪስህ ውስጥ ያዘው፤ መሳቅ ሲያምርህ ዳሰስ አድርገው።

ቶይባን ሰላም በልልኝ፤ ዒምራንን ጉንጩን ሳምልኝ። እህታችን ፈሪሀ ሰላም ብላሃለች። እናታችን ግን ሰላምታ አላከችም። ጎህ ሲቀድ ጀሪካኗን አዝላ ጎብዬ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ፣ ይህን ጽፌ ስጨርስም አልተመለሰችም።

ወንድምህ ፈሪድ
ከጎብዬ በታች፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.