ለቅሶ ቤት የወሰደኝ እንቅልፍ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6። ቡራዩ።
ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተነሣሁ። የተኛሁት ከነጋ በኋላ ነው። ባለቤቴን አልማዝን የትርጉም ሥራ በዝቶብኝ ነው እላታለሁ። አንተን ደብተሬ አልዋሽህም፤ ግማሹ ልብ ወለድ ማንበብ ነው። የታየሁበት ሐኪም የደም ግፊትህ ከፍ ብሏል፣ አተኛኘትህን ካላስተካከልህ ልብህ ድንገት ሊከዳህ ይችላል ብሎ የልብ ምርመራ ጽፎልኛል። ወረቀቱ ለልብ ወለዱ ጥሩ ዕልባት ወጣው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8
ጎረቤታችን ኦቦ ደሬሳ አረፉ። ሰበታ ፋብሪካ ነበር የሚሠሩት፤ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። ከሥራ ገብተው ተኙ፤ አልተነሡም። እሳቸውን እንቅልፍ የነሣቸው እንጀራ ነው። እኔን ማን አዘዘኝ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9
እንዴት ብዬ ልጻፈው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥሁ። ሳልተኛ ነበር የነጋው። ፀሐዩ ሞቅ አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። ቢጠሩኝ አልሰማ፣ ቢነቀንቁኝ አልነቃ። ዐይኔን ስገልጥ ፊቴ ላይ ውሃ፣ ዙሪያዬን የዕድሩ ሰው በሙሉ። ለቅሶው ቆሟል። የሰው ለቅሶ ነጠቅሁ። በሐሳብ ሄጄ ነው አልሁ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ተሰማ፣ ሐሳብስ አያንኮራፋም፣ እኛን ያስደነገጠን ደግሞ ማንኮራፋትህን ስታቆም ነው አሉኝ። አንድ ሁለት ሰው ሳቁን ዋጠ።
የሟች ባለቤት አዴ ጫልቱ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው መጡ። እጃቸውን ደረቴ ላይ አኖሩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።
«እኔም እንቅልፍ መስሎኝ፣ ልጆቹን ዝም በሉ፣ አባታችሁ ይተኛበት ስል ነው የዋልሁት» አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11፤ ከቀኑ 9 ሰዓት
ትናንት ከቤት አልወጣሁም። ፊት የለኝም።  ቅድም ጋደም ብዬ ዐይኔን ጨፍኜ ሳለሁ አልማዝ ገባች። እጇን አፍንጫዬ ሥር አደረገች፣ ትንፋሼን አገኘችው፣ ወጣች። ሳሎን ልጃችን ቴሌቪዥን ከፍታ ታያለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባትሽ ተኝቷል ብላ ድምፁን ታስቀንሳት ነበር።
ዛሬ አላስቀነሰቻትም።
ተነሣሁ። ወረቀቱን ከመጽሐፉ አወጣሁት፤ ገጹ ይጥፋ። ሰኞ ጠዋት ምርመራ፣ አልማዝም አብራኝ ትሄዳለች። ከዛሬ ጀምሮ ማታ ሦስት ሰዓት መብራቱን የምታጠፋው እሷ ናት። ልብ ወለዱንም ነግሬያታለሁ። ታውቅ ኖሯል።
አሁን ድንኳኑ ሳይፈርስ አዴ ጫልቱ ዘንድ ልሂድ። ፊት ለፊታቸው እቀመጣለሁ። ነቅቼ።