ሁለቱ ነጥቦች

ነሐሴ 24፣ ጠዋት
ዛሬም ቅጂ ነው፣ ማስታወሻዬ። ገጽ አሥራ አንድ። ጣቴ ቀለም በቀለም። የምገለብጥለት ፊልም አባባ በደርግ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ የጊፋታን ተውኔት ሲጽፍ የሚያሳይ ነው። ያው በየዓመቱ ተማሪዎቼ የሚሠሩት፣ የተጣሉ ወንድማማቾች ለአዲስ ዓመት የሚታረቁበት። ዋናውን ደብተር ለካሜራ እገለብጣለሁ። ወላይትኛው በግዕዝ ፊደል ነው፣ ያኔ ላቲኑ አልመጣም። ጽሑፍሽ ያምራል ብሎ ዳይሬክተሩ መረጠኝ። ጉራ አይደለም።

ነሐሴ 26
አንድ ነገር ከንክኖኛል። ደብተሩ ውስጥ ጠብቆ የሚነበብ ፊደል ሁሉ አናቱ ላይ ሁለት ነጥብ አለው። አባባ ነጥብ አድርጎ አያውቅም። ኮሌጅ ሳለሁ የላከልኝን ደብዳቤዎች አውጥቼ አየሁ፣ አንድም የለ። እንዲህ የሚጽፍ አንድ ሰው ነው የማውቀው፤ አጎቴ ዳና፣ የአባባ ታናሽ፣ ሁምቦ ያለው። ፊደል ሲያስቆጥረኝ ነጥቧን አትርሺ ይለኝ ነበር። ከአባባ ጋር ከተኳረፉ ሃያ ዓመት አለፋቸው። ለምን እንደሆነ በቤታችን አይነሳም። ተውኔቱን የጻፈው እሱ ይሆን እንዴ?

ነሐሴ 28፣ ከሰዓት
አባባን ጠየቅኩት። ማኘኩን አቆመ። ነጥቦቹን ትተሽ ገልብጪ አለኝ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፣ ቀስታው ነው ያስፈራኝ። ቆየት ብሎ ሳልጠይቀው ዝናብ ነክቶት ነው አለ። ዝናብ ጥንድ ጥንድ እያደረገ ይነጥባል እንዴ?

ጳጉሜን 2
የፊልሙ መጨረሻ ተቀየረ። ደራሲው ረቂቁን የጊፋታ እሳት ውስጥ ይጥላል። የአባባ ሐሳብ ነው። እውነት እንዲመስል ዋናው ደብተር ራሱ ይቃጠል ብሏል። ዳይሬክተሩ ቸርነት መስሎት ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። የሚተርፈው እንግዲህ ነጥብ የሌለው የእኔ ቅጂ ነው። የአጎቴን እጅ በእጄ ላጠፋው ነው።

ጳጉሜን 3፣ ረፋድ
እንጨቱ ተከምሯል። አባባ ሱፉን ለብሶ ካሜራው አጠገብ። ደብተሩን አምጪ ብሎ ሁለቴ ላከብኝ። ሰጠሁት። ሽፋኑን ቀይሬ ነበር፣ የነደደው ቅጂው ነው። እሳቱን ሲያይ ፊቱ ፈታ አለ። አሳዘነኝም፣ ጠላሁትም።

ያው ቀን፣ 6 ሰዓት
መናኸሪያ። የሁምቦ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፣ ደብተሩ ጉያዬ። አባባ ቅጂውን ፈልጎ ነው የደወለው። የት እንደምሄድ፣ ምን እንደያዝኩም ነገርኩት። ከዚያ ወደ ቤት እንዳትመለሺ አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ሰው ሁሉ የሚታረቅበት ጊፋታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። እሺ አልኩ። መኪናው ተነሳ። መንገዱ ያንገጫግጨኛል፣ ነጥብ እንኳ በቅጡ ማድረግ አልቻ